ወደ ሳሎን የተላኩ ዘፈኖች

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን

ይድረስ ለውዱ ባለቤቴ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ? በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ደህና ነኝ ብቻ ብዬ ልለፈው። ወረቀቱን የሰጠሁት ለመሥሪያ ቤትህ ሹፌር ነው፤ በእጅህ ሳያስጨብጥህ እንዳይመለስ አደራ ብየዋለሁ። ስልክማ ስንቴ ሞከርኩ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውላለሁ» የምትል መልእክት ትመጣለች፣ ከዚያ ጸጥ። ዝም አይነቅዝም ማለት ትወዳለህ፤ ያንተ ዝምታ ግን ከነቀዘ ቆይቷል።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፣ የጀመርከውን ግማሽ ላይ የምትተው ሰው ነህና። እናትህ በጣም ታመዋል። ከአልጋ መውረድ ትተዋል። የሚበሉት በማንኪያ ነው፣ እሱንም በስንት ልመና። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጥቶ አያቸውና ሲወጣ በረንዳው ላይ ቆም ብሎ «ሩቅ ያለ ልጅ ካላቸው ቶሎ ይምጣ» አለኝ። አላቸው አልኩት። ምን እንደሚሠራ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ዘፈን ይልካል ልለው ነበር። ስለዚህ ና። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ሆዴ ውስጥ ሲብላላ የከረመ ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ጠባብ ክፍል በርህን ዘግተህ ሲዲ ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጥ ኖርክ። እራት ቀርቧል ስልህ «ይቺን ልገልብጥና»። እንግዳ መጥቷል ስልህ «ይቺን ልገልብጥና»። ስትገለብጥ ስትገለብጥ ትዳራችንንም ገለበጥከው። አንድ ቀን ደግሞ ጠርተኸኝ፣ ፊትህ እንደ ሕፃን በርቶ፣ ዘፈኑ ከኮምፒውተሩ ተነስቶ በዋይፋይ ሳሎን ወዳለው ሪሲቨር እንዴት እንደሚሄድ አሳየኸኝ። የዲሹን ማለቴ አይደለም፤ ያንን ራዲዮም ስፒከርም ያለውን ጥቁሩን፣ አቧራውን እንኳ ራስህ እየጠረግክ ሰው የማታስነካውን። «ገመድ የለ፣ ምን የለ» አልከኝ። «ደግሞ ስሚው፣ ከሲዲው ሲገለበጥ ቅንጣት አልጎደለበትም»። እኔ ያን ጊዜ ከዚህ ቤት የጎደለውን ስቆጥር ነበር። የቤት ሥራውን ትቶ የደብተሩን ሽፋን ሲያሳምር የሚያመሽ ተማሪ ከማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ አንድ አይጠፋም፤ ባሌም ከነሱ አንዱ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ሻንጣ መጣ። የቅየሳ ሥራ ነው፣ ለጥቂት ወር ነው አልክ። ያልከውም ሻንጣው በር ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ስለ እናትህ የነገርከኝ «እማዬ አታስቸግርም» የምትል ብቻ ናት። ስለ ኮምፒውተሩ ግን አደራው ብዙ ነበር፦ እንዳታጠፊው፣ ውሃ እንዳይነካው፣ መስኮቱን ስትከፍቺ ጸሐይ እንዳያገኘው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ድሮ እስቅ ነበር።

እናትህ አንተ በሄድክ በሦስተኛው ሳምንት መታጠቢያ ቤት ወደቁ። ይህንንም ጽፌልህ «እግዜር ይማራት፣ እደውላለሁ» ብለሃል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ጣራ ጣራ እያዩ ሲውሉ አንጀቴን በሉትና፣ ራዲዮ እንኳ ይስሙ ብዬ ያንን ሪሲቨርህን ከነስፒከሮቹ ተሸክሜ ክፍላቸው አስገባሁት። ከራስጌያቸው ኮመዲኖው ላይ ተቀምጧል። አዎ፣ ነክቼዋለሁ። ላዩ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥም አለበት።

ይኸውልህ እንግዲህ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሾርባ ሳጎርሳቸው፣ ዜናው ድንገት ተቋረጠና አንድ ወንድ ስለ ሴት ወገብ መዝፈን ጀመረ። እናትህ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እኔ ማንኪያውን ይዤ ወደ ጠባቧ ክፍል ብሮጥ ኮምፒውተሩ በርቷል፤ የዘፈኑ ስም ተጽፏል፣ ከሥሩ «ወደ፦ ሳሎን» ይላል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ካለህበት ሆነህ ኮምፒውተሩን በስልክህ ታዘዋለህ። እኔ ከሥራ ገብቼ ሳሎን አረፍ የምልበትን ሰዓት ጠብቀህ ለእኔ መላክህ ነው። ለሪሲቨሩ «ሳሎን» ብለህ ስም ያወጣህለት ራስህ ነህ፣ ቦታው መቀየሩን ደግሞ በምን ታውቃለህ? ገመድ የለ፣ ምን የለ።

አንተ ሰው፣ ለመሆኑ አፍህን ምን ነካው? ሚስትህን «እንዴት ነሽ» ለማለት የማታውቃቸው ሰዎች ማሲንቆና ጊታር ይዘው ይሰለፉልህ? ስልክ አንስተህ ለመደወል ጣትህ ከበደችህ፣ ዘፈን ለመምረጥ ግን ቀለለችህ። እንዲህ ያለ ሰነፍ ባል አይቼ አላውቅም። ስፈራህ፣ ሳከብርህ የኖርኩትን ዘመን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ተመልሼ ስገባ እናትህ «ማነው ይሄ ስድ?» አሉኝ። በንዴት «ልጅዎ ነው የላከው» አልኳቸው። «ማሙሽ? ምን ነክቶት ነው ስለ ወገቤ የሚያወራው?» አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያን ቀን ሳቅኩ፤ እሳቸውም እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን እሳቸው ናቸው የሚጠብቁት። ሊደርስ ሲል ትራስ ደግፊልኝ፣ ሻሼን አስተካክይልኝ ይሉኛል። «ማሙሽ ሊያወራኝ ነው» ይላሉ፣ ሽበት የወረሰህን ሰውዬ። ቃሉ ሁሉ ለሳቸው ይመስላቸዋል። ዘፋኙ እንቅልፍ አጣሁ ሲል «ምነው፣ እዚያ ብርድ ነው እንዴ?» ይላሉ። ምግብም እሺ ብለው የሚጎርሱት ያን ጊዜ ነው። የመብራት ገመዱን ነቅዬ ከነኮምፒውተሩ ከደረጃው ሥር ልወረውረው ስንቴ ተነስቼ የተውኩት ለዚህ ነው፤ ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። እኔ በዚያ ሰዓት እዚያ የምገኘው አንሶላ ለመቀየር ነው። አንሶላቸው በየቀኑ ይቀየራል።

ማክሰኞ የላክኸውን ታስታውሳለህ? አጠፋሁ፣ ደጅሽ ቆሜያለሁ፣ ግባ በይኝ እያለ የሚያለቅሰውን? ደጋግመህ ነበር የላክኸው። በመጀመሪያው አዳመጡ። ሲደገም እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ሲሰለስ እጄን ያዙኝ።

«ደጅ ነው እንዴ ያለው?»

«ኧረ ሩቅ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን ያስለምነዋል? እኔ መቼ ተቀየምኩት? ይቅር ብዬሃለሁ ብላሃለች በይው። ይግባ። ዓይኑን ልየው።»

ያን ማታ አልበሉም። ትናንትም ዘፈኑ መጥቶ ማንኪያውን አልተቀበሉኝም። በሩን ነው የሚያዩት። በሩ ሲጥ ሲል ደግሞ ቀና ይላሉ፣ እኔ መሆኔን ሲያዩ ተመልሰው ይተኛሉ። በዚህ ቤት እኔን ሲያይ እንዲህ የከፋው ሰው ኖሮ አያውቅም። እና አሁን ዘፈን አልፈልግም፣ «እደውላለሁ»ም አልፈልግም።

እናትህ መንገዱ ይቅናህ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታህ ብለውሃል። እኔም አሜን ብያለሁ፣ በሳቸው ፊት ስለሆነ።

ያ ሁሉ ልመናህ ለሳቸው ደርሷል፣ ምሕረቱንም አግኝተሃል። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልደረሰኝም። የኔን በአፍህ ይዘህ ና። እንዳትዘፍነው ብቻ።

ሚስትህ