ዲስኮቹን ስለሚያስተዳድረው ካርድ፣ ለእድራችን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ተክለሃይማኖት
የግራር ጥላ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር
አዳማ

ክቡር ሆይ፣ ይህ የሰሞኑ ሙቀት ደም ግፊትዎን ሳይነካካው፣ አቧራውም ጉሮሮዎን ሳይከረክረው እንደሰነበቱ ተስፋ በማድረግ፣ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ በእጅዎ በመስጠት ፈንታ በእድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። በስብሰባ የተናገርኩት ሁሉ «ሐሳቡ በምስጋና ተቀባይነት አግኝቷል» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ በኋላ ተቃራኒው ስለሚፈጸም፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያለ ምስጋና ልሰማ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ባጭሩ ላስረዳ። እኔ ፎቶ አንሺው ኪሩቤል፣ የሰፈሩን ሠርግ፣ ክርስትና፣ ኒካህና ቀብር ስቀርጽ ኖሬ ያጠራቀምኩትን ምስል ሁሉ ጓዳዬ ባለ ኮምፒውተር ውስጥ፣ በተደረደሩ ዲስኮች ላይ አስቀምጣለሁ። ሐዘን በደረሰ ቁጥር እድሩ የሟቹን ፎቶግራፍ የሚያስወጣው ከዚያ ነው። ከነዚህ ምስሎች መካከል የሟች ባለቤቴ የዘርፉ ቪዲዮ ነበር። ዓለም ጤና ከተማ፣ እናቷ ደጃፍ ተቀምጣ ሽንኩርት እየለየች፣ ካሜራውን ጥዬ እንዳግዛት ስትቆጣኝ የቀረጽኩት ነው። ልጃችን ሊዲ እናቷ ስትሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ የእናቷን ድምፅ የምታውቀው ከዚያ ቁጣ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዲስኮቹን ከኮምፒውተሩ ጋር የምታገናኘው ካርድ ተቃጠለች። ዲስኮቹ ደህና ነበሩ፤ የጎደለችን አንዲት ካርድ ናት። እድሩ፣ ምስሉ የሁላችንም ነው ብሎ፣ ካርዷን ሊገዛ ቃል ሲገባ እንባዬ መጥቶ ነበር። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ካርድ እንዳለ፣ አንዱ ዲስኮቹን እንዳሉ ለኮምፒውተሩ የሚያሳልፍ ተራ ካርድ እንደሆነ፣ ሌላው ግን ዲስኮቹን በራሱ ሥርዓት ጠቅልሎ የሚገዛና ቀድሞ የነበረውን ሥርዓት የማያውቅ እንደሆነ፣ እኛን የሚበጀንም ተራው መሆኑን ለዕቃ መራጭ ኮሚቴው ማስረዳቴ ይታወሳል። ኮሚቴው ነገሩን በጥልቀት ከመረመረ በኋላ፣ የመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚያሳልፍ ዘበኛ ማንም እንደማይቀጥር፣ ካርድም ከተገዛ አይቀር የሚያስተዳድር መሆን እንዳለበት በሙሉ ድምፅ ወስኗል። በመጨረሻም አቶ አብዱናሲር ሁለቱን ካርዶች በሁለት እጃቸው መዝነው ከባዱን መረጡ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን በአርሲ ነገሌ እህል ሲመዝኑ የኖሩ በመሆናቸው፣ በሚዛን ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር መከራከር ብልግና መስሎ ታየኝ። ከዚያ በፊትማ ያልተናገርኩት አልነበረም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ እንጂ።

ሁለተኛ፦ አዲሱ ካርድ ከመሰካቱ በፊት ምስሎቹን የምገለብጥባቸው ትርፍ ዲስኮች እንዲገዙልኝ ላቀረብኩት ልመና፣ እድሩ ራሱ ሁለተኛ ድንኳን ሳይኖረው ለፎቶግራፍ ሁለት ማስቀመጫ መጠየቅ ቅንጦት መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ እድራችን ድንኳንም ይሁን ብረት ድስት ሳያስመርቅ ሥራ ላይ አያውልም፤ ይህ የቆየ ወጋችን ለካርዱም በመከበሩ ቤቴ ኮርቷል። በጓዳዬ በር ላይ ሪባን ተወጥሮ፣ ለስላሳው ተደርድሮ፣ ክቡርነትዎ በክብር እንግድነት ሲጠበቁ፣ እኔ ፈሪው የዲስኮቹን ገመዶች በሙሉ ነቅዬ ነበር፤ ካርዱ ባዶውን ቢመረቅ ማንንም አይጎዳም ብዬ ነው። ይሁን እንጂ ወንበር አነሰ ተብዬ ወደ ጎረቤት በተላክሁበት ቅጽበት፣ የንብረት ክፍላችን ኃላፊ አቶ ኢሊያስ፣ መብራቱ የማይበራ ዕቃ ለክብር እንግዳ ማሳየት ነውር ነው ብለው ገመዶቹን አንድም ሳያስቀሩ መልሰው ሰክተዋቸዋል። ካርዱም፣ በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ በዲስኮቹ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚያ ቀን በቤቴ ፈቃድ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ክቡርነትዎ ሪባኑን በቆረጡበት እጅ «አዎ» የሚለውን ተጫኑ። ወንበር ተሸክሜ ከበሩ ስደርስ የሰማሁት ጭብጨባውን ስለሆነ፣ እኔም ወንበሬን አስቀምጬ፣ ምን እንደሚጨበጨብ ሳላውቅ አጨበጨብኩ።

መስኮቱን አይቼ ነገሩ ሲገባኝ ተሯሩጬ ገመዶቹን ነቅዬ ስጨርስ ነገሩ አልፎ ነበር። አዲስ አበባ ድረስ ዲስኮቹን የወሰድኩላቸው ባለሙያም አገላብጠው አይተው፣ ካርዱ የታዘዘውን በሚገባ መፈጸሙን መስክረውልኛል። የመረጣችሁት ዕቃ ሥራውን ያውቃል፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

አራተኛ፦ ሐዘኔን ለጽሕፈት ቤትዎ ባመለክት፣ ወይዘሮ ዘርፉ በሞተችበት ጊዜ እድሩ ግዴታውን በሚገባ የተወጣ ስለሆነ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ድንኳን እንደማይተከል በማኅተም ተገልጾልኛል። ደንቡ ትክክል ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ትሞትብኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አምስተኛ የለኝም፤ ደክሞኛል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ሊዲ ቪዲዮውን ክፈትልኝ ባለችኝ ቁጥር ካርዱ አዲስ ስለሆነ ገና አልተስተካከለም እላታለሁ። ልጅ ናት፣ ታምነኛለች፤ እስከ መቼ እንደምታምነኝ ግን አላውቅም። ማታ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብላ የእናቷን ቁጣ በቃሏ ትለዋለች፣ ቃሉን አልረሳችውም፤ ድምፁ ግን ከቀን ወደ ቀን የራሷን ድምፅ እየመሰለ ሲሄድ እሰማለሁ። ማረም እፈልግና እኔም አላስታውሰውም። ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ። እድራችን መርዶ የሚያረዱ፣ ክፉውን ወሬ በወጉ መንገር የሚችሉ ሽማግሌዎች እንዳሉት፣ ከነሱም እርስዎን የሚያህል እንደሌለ ሰፈሩ ያውቃል። እባክዎን አንድ ቀን ማልደው ይምጡና ለልጄ ይንገሩልኝ። እኔ አልቻልኩም።

በተረፈ ለካርዱ ምርጫ ለደከመው ኮሚቴ፣ ለመብራቱ ለተጨነቀው ንብረት ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ለማያመነታው ጣትዎ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የወር መዋጮዬን ሳላጓድል የምቀጥል፣ በስብሰባም ከኋላ ወንበር የማልጠፋ፣

ታዛዥዎ
ኪሩቤል ጀቤሳ

ግልባጭ፦
ለዕቃ መራጭ ኮሚቴው
ለንብረት ክፍሉ
(ለራሴ አላስቀረሁም፤ ቅንጦት እንዳይሆንብኝ።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ፋሲካ ማግስት ግራጫ ኮትዎን ለብሰው መጥተው፣ «ለዚያ ቀን የሚሆን ነው፣ በደንብ አስቀምጥልኝ» ብለው የተነሱት ፎቶግራፍም እዚያው ነበር። ስለዚህ ሲመችዎ ይምጡ፣ እንደገና አነሳዎታለሁ፤ ኮትዎን አይርሱ። ዘርፉን ግን ነይና እንደገና ተቆጪኝ ልላት አልችልም።