እንደ ጠፈር ተጓዥ የበላህባቸው ወራት

ማሩዬ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። እኛ እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ደህና ነን። ግቢያችን መብራት ገባ፤ ልጃችን አዜብ ሁለተኛዋን ወለደች። ትልቁ ልጇ ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በዐረብኛ ይጨርሰዋል፤ እኔ መሃል ላይ እቀራለሁ። ዛሬ የምጽፍልህ አዜብን የዳርንበት ዓመት ነገርህ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ስለሳቅሁ ነው።

ማሽላ ከጫነ ሎሪ ላይ ወድቀህ ጭንህ ተሰበረ። ሐኪሙ ወራት ትተኛለህ አለህ፤ ለእኔ ደግሞ ለብቻዬ፣ "መራመዱን እንጃ" አለኝ። የአዜብ ሠርግ ደግሞ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

አንተ ሬዲዮህን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ፣ ጠፈር ላይ ብዙ የሚቆዩ ሰዎች ሰውነታቸው ክብደት ስለማይሸከም አጥንታቸው እንደሚሳሳ ሰማህ። ዓሣና ቅጠላ ቅጠል መብላት፣ ጨው መቀነስ ይጠቅማቸዋል ተባለ። "እኔስ ከነሱ በምን እለያለሁ? እግሬ መሬት አልነካ!" አልኸኝ። ከዚያ ወዲያ ፉሉም አልጫ፣ የቅጠል ወጡ ሙሉኪያም አልጫ፣ እኔም አልጫ ሆንሁ።

ዓሣ ዓሣ ስትል ጎረቤታችን ሐጃ ዘይነብ አዘነችና ፈሲክ ይዛልህ መጣች፤ በጨው ታሽቶ የከረመ፣ ሽታው ከሰፈር ሰፈር የሚዞር ዓሣ! ዓሣው ታዟል፣ ጨው ተከልክሏል። እንዳይከፋት አንዴ ጎረስህና፣ እሷ ስትወጣ ሦስት ጣሳ ውኃ ጠጣህ።

ቀጥሎ ደግሞ አጥንት ፀሐይ ይሻል አልህ። በገዳሪፍ ፀሐይ የናፈቀው ሰው ካንተ በቀር አላየሁም። አልጋህን ግቢ አወጣንልህ፤ ለዝንቡ ብለህ በነጠላ ተሸፋፈንህ። ሐጃ ሳህኗን ልትወስድ ስትገባ እንደዚያ ሆነህ አየችህና ጩኸቷን ለቀቀችው። ሰፈሩ ተጥለቀለቀ። ነጠላውን ገልጠህ፣ "አልሞትሁም! አጥንት እየሠራሁ ነው!" አልህ። ያለቀሱት ሁሉ ሳቁ፤ ድንኳን ሊተክል እንጨት ተሸክሞ የመጣው ጎረቤታችን ብቻ ተቆጣ።

አንድ ቀን ግን ሐኪሙ እንዳሳየህ እግርህን ልታነሣ ስትታገል ከበሩ ሥር ሆኜ አየሁህ። ጥርስህን ነክሰህ ታለቅስ ነበር። ያን ሁሉ ቀልድ የምታበዛው ፈርተህ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሳታየኝ ተመለስሁ።

በሠርጉ ቀን ከዘራህን ይዘህ፣ በሌላው እጅህ አዜብን ደግፈህ ከበራችን ወጣህ። ማን ማንን እንደደገፈ እግዜር ይወቀው። ዓሣው ይሁን፣ ሐኪሙ ይሁን፣ እልህህ ይሁን እኔ አላውቅም። እስከ ዳሱ ሠላሳ ሁለት እርምጃ ቆጠርሁ፤ እልል ማለቱን እንኳ ረስቼ። መጥቼ ጎንህ እስክተኛ ድረስ አንዷንም አልረሳትም።

ባለቤትህ የሺ