ያላስነካሁት እግር

ቦንጋ፣ ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.

ውድ ፀዳለ፣

ቅዳሜ አባትሽ ቤት ሽማግሌዎች ፊት እንድቀርብ የተላከው መልእክት ደርሶኛል። ትዳራችን የሚፈርሰው እናትሽን ስላዋረድኩና አንቺን ስለጠላሁ ነው ተብሏል አሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው አይደለም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፌ እንደሚተሳሰር ስለማውቅ አስቀድሜ ለአንቺ ልጻፈው።

በሰኔ ወላጆችሽን ልንጠይቅ ዋጫ የገባን ዕለት፣ ከመኪና ወርደን ዳገቱን በጭቃ ስንወጣ "ቀስ በል" ትዪኝ ነበር። ያስቸገረኝ ጭቃው አልነበረም፤ ላቤ ነው። ከጉልበቴ በታች የተረፈኝ ጉቶ የሚገባበት ፕላስቲክ አየር አያስገባም። ጥቂት ከሄድኩ ውስጡ ውሃ ይሆናል፣ ሰው ሠራሹ እግር ይንሸራተታል፣ ቆዳዬ ይላጣል። ከሁሉም የከፋው ሽታው ነው። ሽታው እንዳይወጣ ብዬ ጉቶውን በፌስታል ጠቅልዬ በክር አስረው ነበር። እግሬ ሰው ሠራሽ መሆኑን ብታውቂም፣ በተጋባንባቸው ሦስት ዓመታት ጉቶውን አንድም ቀን አላየሽውም፤ በር ዘግቼ ነበር የማስረው።

በረንዳው ላይ ገና አረፍ እንዳልን እናትሽ እትዬ ይመኙሻል ሳፋና ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጡ።

"ና የኔ ልጅ፣ እግርህን ልጠብህ።"

"ይተዉት እትዬ፣ ደህና ነኝ።"

"አንድ እግር ማጠብ ደግሞ ምን ድካም አለው?" ብለው ሳቁ።

አባትሽም "የቦንጋ መዝገብ ቤት ሹም የዋጫ ውሃ አይመጥነውም መሰለኝ!" አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እናትሽ ጎንበስ ብለው ሱሪዬን ሲይዙ "አትንኩኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው። ሳፋው ተገለበጠ። ቀሚሳቸው ራሰ።

ስንመለስ "እናቴን ተጸይፈህ ነው?" አልሽኝ። መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከነሱሪዬ መተኛቴንም ደምረሽበት ወደ ወላጆችሽ ሄድሽ። አልፈርድብሽም።

ከሄድሽ በኋላ ቁስሉ መግል ቋጠረ። ጅማ ሄጄ እግሩን ለሠራልኝ ባለሙያ አሳየሁት። ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

"ይሄ ለዝናብ ነው?"

"ለሽታ።"

"ሰውዬ፣ ላቡን ቆልፈህበት እግርህን ቀቅለኸዋልኮ!"

ቁስሉ እስኪደርቅ እግሩን እንዳላጠልቅ ከለከለኝ። ከዚያም በኋላ ቀን ላይ እያወለቅሁ ላቡን እንድጠርግ፣ የጥጥ ካልሲ እንድቀይር፣ ማታ በሳሙና ታጥቤ እንዳናፍሰው አዘዘኝ። "ቢሮ ውስጥ የት ሄጄ ላውልቀው?" አልኩት። "ወንበርህ ላይ" አለኝ።

አልሰማሁትም። በማግስቱ አጥልቄው ሥራ ገባሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ላወልቀው ስል የቢሮ ባልደረባዬ ብርቄ ፋይል ይዛ ገባች፤ መልሼ አጠለቅሁት። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። አሁን ቁስሉ ጣት ያስገባል። ከዚህ ከባሰ ከጉልበት በላይ ይቆረጣል። ፀዳለ፣ ብቻዬን አልቻልኩም።

ቅዳሜ እግሩን እዚህ ትቼ በክራንች እመጣለሁ፤ መንገድ ላይ ሐሳቤን ብለውጥ እንኳ የማጠልቀው እንዳይኖረኝ። ብትፈቺኝም ይህን አይተሽ ፍቺኝ። ሽማግሌዎቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ያችው በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። እናትሽ ከፈቀዱ ሳፋውን ያምጡት። አንዱን እግር ብቻ ሳይሆን ጉቶውንም፣ ሁለቱንም ይጠቡኝ በያቸው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ባልሽ፣
ልዑልቃል