የወይዘሮ ከሪማ ስልክ ያለበት ብርድ ልብስ

ወዳጄ ምንይሉ፣

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣሁት ግራ ተጋብቼ ነው፤ አሁንም አልለቀቀኝም። ከቻይና ያስመጣሁት ብርድ ልብስ ደረቅ ወደቡ ላይ ተይዟል። ታውቃለህ፣ የታዋቂ ድርጅት ስም እንዳይለጥፉብኝ ፋብሪካውን ስንት ጊዜ አስጠንቅቄ ነበር! ባለቤት ያለው የውጭ ስም ብቻ መስሎኝ። ለናሙና የላክሁት ግን ከደሴው ሰኞ ገበያ የገዛሁትን ነው፤ «ልክ እንደዚህ አድርጉ» ብዬ። እነሱም ናሙናው ላይ የነበረውን፣ በአንዲት የደሴ ነጋዴ ስም የተመዘገበውን የእርግብ ምልክት ከነስልክ ቁጥሯ ሰፉበት። እሷ ካልፈቀደች ዕቃው አይወጣም ተባልሁ።

ባለምልክቷን ወይዘሮ ከሪማን ሱቃቸው አገኘኋቸው። እኛ ጋ፣ ደብረ ብርሃን ቢሆን በር ይዘጋብኝ ነበር፤ እሳቸው በርጩማ ሳቡልኝ። ከወደቡ ለማሳያ የተሰጠኝን አንድ ብርድ ልብስ ገልብጠው አይተው ሳቁ።

«ወላሂ፣ በራስህ ገንዘብ ማስታወቂያ ሠራህልኝ! አብሽር፣ የኔን ፍታና የራስህን ስፋበት፤ የፈቃድ ደብዳቤውን እፈርማለሁ።»

አመስግኜ ልነሳ ስል ቀና ብለው አዩኝ። «ቆይ፣ መጀመሪያውኑ ስምህን ለምን አላጻፍህበትም? ዕቃው ያሳፍርህ ነበር?»

ሃያ ዓመት የነገድሁበት ሱቄ በር ላይ እንኳ ስም እንደሌለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ነገ ልብስ ሰፊ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ምን ብሎ እንደሚሰፋ ግን አላውቅም።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ሥርጉትንና ልጆቻችሁን ሳምልኝ። ስም ከመጣላችሁ ደውሉልኝ፤ ብርድ ልብሱ ላይ ባለው ቁጥር ግን አይደለም!

ፈንታሁን