አርፏል የተባለው ጨፌ

ጥቅምት 18፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ውሃ ቀድቻለሁ። ዶሮዋ ዛሬም አልጣለችም፤ እንደ እኔ ጡረታ ወጥታ መሰለኝ። ዳቦው ደርቋል። ሻይ ውስጥ ነክሬ በላሁ። ከባለቤቴ ከየሺ ሞት ወዲህ ምግብ ማለት አንዱን ነገር ሌላው ውስጥ መንከር ሆኗል።

ለማስታወሻ፦ ትናንት አንዲት ማኪና መጥታ ጨፌው ዳር ቆመች። ኮፍያ ያደረጉ ሦስት ሰዎች ወርደው ፎቶ አነሱ። ጨፌው ላይ ሰው የለም፣ ከብት የለም። እንዴት ይኖራል? ከሰኔ ጀምሮ ክልክል ነው። እዚህ አገር የጨፌው ሳር እስከ ኅዳር ሚካኤል አይነካም። በሬ አይገባም፣ ማጭድ አይገባም፣ ሬሳ የተሸከመ እንኳ በዳር ዞሮ ነው የሚያልፈው። ሚካኤል ሲውል መጀመሪያ በሬዎቹ ይገባሉ፣ ቀጥሎ ላሞቹ። በጋውን የሚያሻግራቸው ይኸው ብቻ ነው፤ ሌላ ግጦሽ የለም።

እናም ፎቶው ጥሩ ሳይወጣ አይቀርም። ባዶ መስክ፣ ጥሩ ብርሃን። አያ ደምሌ (የጨፌው ጠባቂ፣ ሰማንያ ያለፋቸው) ከድንጋይ አጥሩ ላይ ሆነው እጅ ነሷቸው። ሰዎቹም አጸፋውን መለሱ። ሁሉም ጨዋ ነበር።

ጥቅምት 21፣ ከሰዓት

ቀበሌ ጽ/ቤት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጨፌው በመዝገብ ጠፍ መሬት ስለሆነ ለድንጋይ ካባ ተሰጥቷል ይላል። ከራስጌው ያለው ጥቁር ድንጋይ በድማሚት ይፈርሳል፣ መፍጫው ጨፌው ላይ ይተከላል። ተቃውሞ ያለው በጽሑፍ ያቅርብ።

ጎረቤቴ ጥሩነሽ፣ ካባ ሊሰጡን ነው ሲሉ ሰርግ ያለ መስሎኝ ሹሩባ ልሠራ ነበር አለች።

በጽሑፍ ሲባል ወደ እኔ መጡ። የእጅ ጽሑፌ እዚህ የታወቀ ነው። ቢሮ እሠራ እንደነበር ያውቃሉ፤ የትኛው ቢሮ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ለእነሱ ቢሮ ሁሉ አንድ ወንበር ነው።

አያ ደምሌ እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። የጨፌውን ታሪክ በሁለት መስመር ጨረሱና መዝጋቢውን ወደ መስደብ ገቡ። ያን ጊዜ ጨፌውን ጠፍ ብሎ የመዘገበው ሰው፣ ጆሮው በሰም የተደፈነ፣ አሉ። ጻፍኩ። አፈር ረግጦ የማያውቅ። ጻፍኩ። ትንሽ ግዕዝ ጨምርበት አሉ። ለስድብ የሚሆን ግዕዝ የለኝም አልኩ።

ከዚያ ሙሉቀን የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አሳየኝ። የአያ ደምሌ ልጅ ነው፤ አራት በሬ አለው፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ ስልክም። ፎቶውን አጎላው። ጠፍ። ፍ የምትለዋን ፊደል ከመስመሩ በላይ ሰቅሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት የምላጨው እሱን ነው።

ስድቡን አንዴ አንብብልን አሉ። አነበብኩ።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

አስታወስኩት ብዬ አልዋሽህም፣ ደብተሬ። እንዲህ ያለ ቅጽ ስንቱን ገልብጫለሁ፣ ወረዳ ከተማ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ። ሜዳ የሚወጣው ሌላ ሰው ነበር። ሽማግሌዎቹ ያሉትን በእርሳስ ጽፎ ይልካል፣ እኔ በቀለም መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ምድቡ አራት ነው፦ እርሻ፣ ግጦሽ፣ ደን፣ ጠፍ።

በእርሳስ የመጣውን ቃል ግን መገመት አያቅተኝም። አያ ደምሌ ዛሬም የሚሉት ያንኑ ነው። ጨፌው አርፏል። የመሬት ልኬታው በክልክሉ ወራት ደርሶ ይሆናል፤ ሳሩ እያረፈ ነበር፣ እነሱም እንዳለ ተናገሩ። ቅጹ ላይ ግን ለአርፏል የሚሆን ሳጥን የለም። ከተማ ላይ አርፏል የሚባለው ሰው ነው፤ ነጠላ አዘቅዝቀን ለቅሶ እንደርሳለን። መሬት ካረፈ ሞቷል። የሞተ መሬት ጠፍ ነው። አመክንዮው ሸጋ ነው።

የሺ የዚህ አገር ልጅ ነበረች። ይህ ቤት የአባቷ ነው። ጠፍ ብዬ በጻፍኩበት ቀንም እንደ ወትሮው እራት አብረን በልተናል። አርፏል ማለት ምን ማለት ነው ብላት ጉርሻዋን ሳትውጥ ትነግረኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። የቢሮ ነገር ቤት አላስገባም ነበር። በዚህ ጸባዬ እኮራ ነበር።

ጥቅምት 25፣ ጠዋት

ማመልከቻው ሦስተኛ ግልባጭ ላይ ደርሷል። ሁለቱን ያበላሸሁት ሆን ብዬ ነው። ግልባጭ ባለ ቁጥር ይመጣሉ። ቤቱ ከየሺ ለቅሶ ወዲህ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። ሙሉቀን ሳያንኳኳ ይገባል። ጥሩነሽ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ታመጣና ሳህኗን ትታው ትሄዳለች። ሳህን የተወ ሰው ይመለሳል።

ትናንት በመዝጋቢው መልክ ላይ ተከራከሩ። እሷ ቀጭን ነው ትላለች፤ ሰው የሚበድል ሥጋ አይዝም። ሙሉቀን ቦርጫም ነው አለ፤ ወንበር ያወፍራል። እኔን ጠየቁኝ። መካከለኛ ሳይሆን አይቀርም አልኩ።

መናገር አለብኝ። ነገ። ዛሬ ድንቹ ትኩስ ነው።

ጥቅምት 28፣ 9 ሰዓት

ከወረዳ ተመለስን። ኃላፊው ማመልከቻውን አነበበ። ስድቡ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ፤ አጻጻፉን አመሰገነ። ከዚያ ቁርጡን ነገረን። መዝገብ መዝገብ ነው። ፎቶውም የሚያሳየው ባዶ መሬት ነው። ቃሉ የሚታረመው የመዘገበው ሠራተኛ ራሱ ቀርቦ፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ከፈረመ ብቻ ነው። ኅዳር 6፣ 4 ሰዓት፣ ኮሚቴ ፊት። ካልሆነ ድማሚቱ ከሚካኤል በፊት ይገባል።

ማን ነው መዝጋቢው? ገጹ ላይ ፊርማ እንጂ ስም የለም። ሦስት ሰው አገላብጦ አየው፣ ማንም አላነበበውም። ያ ፊርማ እንዳይነበብ ብዙ ዓመት ደክሜበታለሁ።

ሰውየው አርፎም ይሆናል አለ ኃላፊው።

አያ ደምሌ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረጉ። "ካረፈም እንደኛ ጨፌ ነው የሚያርፈው። ለሚካኤል ይነሣል።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም አስረዝሜ።

ኅዳር 1

ሙሉቀን ትዕግሥቱ አልቋል። ነገ ከብቱን እናስገባ ይላል። ኮቴና እበት ይታይ፤ ያኔ መጥተው ፎቶ ያንሡ። ጓደኞቹም ከእሱ ጋር ናቸው። ጨፌው ዳር ተሰበሰብን። ሳሩ ወገብ ደርሷል። ነፋሱ ሲያልፍበት አንድ ነገር ሊናገር የፈለገ ይመስልና ይተወዋል።

አያ ደምሌ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በአባታቸውም ዘመን፣ በክፉ ቀንም ቢሆን፣ ከሚካኤል በፊት የገባበት የለም። አንዴ ከገባ በየዓመቱ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ካባ የሚያስፈልገው የለም፤ ራሳችን ጨርሰነዋል።

"ታዲያ ምነው ቆመን እናልቅስ እንዴ፣ አባ?"

"መዝጋቢውን ፈልጉ።"

"የሞተ ሰው ከየት ይመጣል?"

እዚህ ላይ አፌ ተከፈተ። አልሞተም አልኩ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አውቀዋለሁ፣ ቅርብ ነው አልኩ። የሚመጣ ይመስልሃል አሉ አያ ደምሌ። እንጃ አልኩ። ይህ እውነት ነበር። ከብቱ እስከ ኅዳር ስድስት እንዲቆይ ተስማሙ።

ግማሹን ተናግሬ ገባሁ። የቀረው ግማሽ ከሦስት ቃል አይበልጥም።

ኅዳር 3፣ ጠዋት 4 ሰዓት

ነገርኳቸው። አያ ደምሌ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቁ። ሙሉቀን ቀንበር ይጠርብ ነበር። ጥሩነሽ ምስር ትለቅማለች። መግቢያ ያለው ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። መግቢያውን ዘለልኩትና መዝጋቢው እኔ ነኝ አልኩ።

መጥረቢያው ቆመ።

አያ ደምሌ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"የሺ ታውቅ ነበር?"

አታውቅም ነበር አልኩ። አልጠየቅኋትም።

"አጠገብህ ተኝታ?"

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ እመሰክራለሁ አልኩ። ሙሉቀን ሳቀ፣ ደስ ብሎት ግን አይደለም። "አያ ታፈረ፣ አንቱ የቢሮ ሰው ነዎት። እዚያ ሲደርሱ ለወንበሩ ነው የሚመሰክሩት። ስንት ቀን ነው ቁጭ ብለው የራስዎን ስድብ ሲጽፉልን የኖሩት?"

አሥራ ሁለት ቀን ልለው ነበር። የጠየቀኝ ለማወቅ እንዳልሆነ በጊዜ ገባኝ።

ኅዳር 4

ጥሩነሽ መጣች፣ ሳህኗን ፈልጋ። ላጥበው ስላት ይሁን አለች፤ አዋዜው እንደደረቀበት ይዛው ሄደች። ስትወጣ በሩን ዘጋችው። ዘግታው አታውቅም ነበር።

ዶሮዋ ዛሬ ጣለች። ለማን እንደምነግር አሰብኩ። አንተ ነህ የቀረኸኝ።

ኅዳር 5

ማንም አልመጣም።

ሬዲዮው ባትሪ ጨርሷል። መዝገበ ቃላቱን አወረድኩና አረፈ የሚለውን ፈለግሁ። ሁለቱም ፍቺዎች አሉ፣ እዚያው እላይና ታች። መጽሐፉ ያኔም የኔ ነበር፤ ከወንበሬ ጀርባ፣ መደርደሪያ ላይ። መነሣት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ከሰዓት ጨፌውን በዳር ዞርኩ። ከብት አልገባም። ሙሉቀን በሬዎቹን ውጭ አስሮ ጭድ ያቀርባል፤ ጎናቸው ይቆጠራል። ደህና ዋልክ አልኩት። ጎንበስ አለ። ለእኔ ይሁን ለጭዱ አልለየሁትም።

ባልሄድ የሚይዘኝ የለም፤ ይህንንም አስቤበታለሁ። አዘዞ እህቴ ቤት አንድ ክፍል አለ። ከተማ ነው፣ መብራት አለ፣ ስለ ጨፌ የሚያወራ የለም። እዚያም ብቻዬን ነኝ፤ ግን ማንም በር ሲዘጋብኝ አልሰማም።

ኅዳር 6፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ተላጨሁ። ንጹሕ ሸሚዝ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ልብስ አስገብቻለሁ። ለኮሚቴ ቅያሪ እንደማያስፈልግ አውቃለሁ።

1 ሰዓት ከሩብ

ወደ ወረዳ የሚሄደው አይሱዙ መጣ። ከቁልቁለቱ ሲያቃስት ሰምቼ ደጅ ወጣሁ። ሰው ጭነቱ ላይ ቆሟል፤ የአያ ደምሌ ጋቢ ከፊት ይታያል። ለማስቆም እጄን ግማሽ ድረስ አነሣሁ።

አልቆመም። ማንም ዞሮ አላየም። ረስተውኝም ይሆናል፤ ጠልተውኝ ነው ብዬ ለራሴ ክብር መስጠት የለብኝም። ወይ ደግሞ ሙሉቀን ያለውን አምነው ነው። ያለ መዝጋቢው ሊሟገቱ ሄዱ ማለት ነው። ያለ መዝጋቢው ደግሞ ምን እንደሚባሉ አውቃለሁ።

የአዘዞው ማኪና ሦስት ሰዓት ላይ በዚሁ በር ያልፋል፤ ለማንም እጅ ለሚያነሣ ይቆማል። ወረዳው በተቃራኒው ነው፣ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ጉልበቴ ካልተከራከረ።

ቅያሪውን አውጥቼ አልጋው ላይ ጣልኩት። መታወቂያዬን ያዝኩ። የድሮ የቅጥር ደብዳቤዬን ያዝኩ፤ መዝጋቢ ይላል፣ ማኅተም አለው። እዚያ ስደርስ ወንበር ላይሰጡኝ ይችላሉ፤ የእኛ ሰዎችም ጠጋ ላይሉልኝ። ቆሜ እናገራለሁ። ቆሞ የሚናገር ሰው አጭር ይናገራል፣ የምናገረውም አጭር ነው።

ኮሚቴው አራት ሰዓት ይቀመጣል። አሁን ከወጣሁ እደርሳለሁ።