ካፖርትህን የበላው ጎራዴ

ይድረስ ለአያቴ ለአባባ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ትናንት ሙት ዓመትህ ተዘከረ። ድንኳኑ ውስጥ ያደረግሁትን ነገር ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ጋሽ ድንቁ ጉልበቱ እየከዳው ነው፤ ቀድሞኝ አንተ ጋ ከደረሰ ነገሩን እንደ ልማዱ ያሰማምረዋል። ደግሞም ተቀይሜሃለሁ። የተቀየመ ሰው ሰላምታ አያበዛም።

ቤቱ ደህና ነው። ክልል ከሆንን ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አዲስ ታፔላ ሰቅሏል፤ ውስጥ ያሉት ወንበሮች ግን ያው የምታውቃቸው ናቸው፣ አንድ እግሩ አጭር የሆነው የአባዬ የጤና ቢሮ ወንበር ጭምር። ሽማግሌዎቹ ስብሰባ ስለበዛላቸው ፊታቸው በርቷል። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። አንተ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ከድመቷ በቀር ማንም አይቀመጥም።

ጎራዴው እንዳልከው የኔ ሆነ። ታሪኩንም ካንተ በላይ እችለው ነበር። ኮሪያ፣ በረዶ፣ ጨለማ። የጃፓኑ ጄኔራል ከምሽጉ ዘሎ ይወጣል፤ ጎራዴውን ሰንዝሮ ካፖርትህን ከትከሻህ እስከ ወገብህ ይሰነጥቀዋል፤ አንተ ክንዱን ጠምዝዘህ ትነጥቀዋለህ። ካፖርትህ እዚያው ይቀራል፤ ብርዱ አጥንትህ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ጋምቤላ ላይ፣ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ በምትፈልግበት ሰዓት፣ የሱፍ ሹራብ የምትለብሰው። አብሮህ የዘመተው ጋሽ ድንቁ ደግሞ “አጠገቡ ነበርኩ” እያለ ይመሰክርልሃል። ጄኔራሉ በየዓመቱ ቁመት ይጨምር ነበር። ልጅ ሳለሁ ጋሽ ድንቁን ነበር የሚያክለው፤ አንተ ልትታመም አካባቢ ጎንበስ ካላለ በራችን አያስገባውም ነበር። እየሳቅሁም ቢሆን አምንህ ነበር። እንግዳ ሲመጣ “ምክትሌ ትንገራችሁ” ስትል ከወንበሬ የምነሳው ለቀልድ አልነበረም።

የታሪክ አስተማሪያችን ኮሪያ ላይ የተዋጋችሁት ከሰሜን ኮሪያና ከቻይና ጋር እንጂ ከጃፓን ጋር አይደለም ያለ ዕለት ትዝ ይልሃል? “የጃፓን ጄኔራል እዚያ ምን ሊሠራ መጣ?” ሲል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ተነስቼ “አያቴ እዚያ ነበር፤ ቲቸር ያኔ የት ነበሩ?” አልኩት። አልተወለደም ነበር። ፀሐይ ላይ አንበረከከኝ። ጉልበቴን እያሻሸሁ መጥቼ ስነግርህ በጣም ሳቅህ፤ ከረሜላ ከኪስህ አውጥተህ ሰጠኸኝ። ያን ዕለት ልትነግረኝ ትችል ነበር፣ አባባ። ከረሜላውን እየቆረጠምኩ ፊት ለፊትህ ነበርኩ።

ከሞትክ በኋላ አስተማሪውን ላሳፍረው ብዬ የጎራዴውን ታሪክ ማጣራት ጀመርኩ። ፑኝዶ፣ ስደተኞቹ ጋ የምትሠራ ጃፓናዊት ነርስ እንዳለች አባዬ ነገረኝ፤ ክትባት ሊያደርስ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ኬላው ላይ ፈታሹ በጋቢ የጠቀለልኩትን ገልጦ “ይሄ ምንድን ነው?” ቢለኝ “የአያቴ ኩራት” አልኩት። ግራ ገብቶት አሳለፈን።

ነርሷ ጎራዴውን በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ነሳች። እኔም እጅ ነሳሁ፤ አባዬም ነሳ፤ እሷ መልሳ ነሳች፤ ማን እንደሚያቆም ጠፋን። ከዚያ እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ የቀርከሃ ችንካር ገፍታ አወጣቻትና እጀታው ተንሸራቶ ወለቀ። የሰበረችህ መሰለኝ። ከሥሩ ያለው ብረት በዝገት ቡናማ ሆኗል፤ ፊደል ተቀርጾበታል። ዝገት የወታደር ነውር ነው ብለህ አስተምረኸኝ የለ፤ ዘይትና ጨርቄን አውጥቼ ልፈገፍግ ስል እጄን ያዘችኝ። አባዬ እየተረጎመ እንደነገረኝ ከሆነ፣ የሚያውቁ ሰዎች የጎራዴን ዕድሜ የሚያነቡት ከዚያ ዝገት ነው፤ ያ ከተፈገፈገ ዕድሜው አብሮ ይጠፋል። አንተ ስለቱን በየሳምንቱ ስትወለውል፣ እጀታው እንደሚወልቅ ባለማወቅህ ብቻ ተረፈ። በሕይወት ሳለህ ብነግርህ ይህንንም ከጀብዱህ ትቆጥረው ነበር።

ፊደሉ የአንጥረኛው ስምና የመንደሩ ስም ነው አለች። ብረቱ ከአያቶቿ አያቶች በፊት የተሠራ ሳይሆን አይቀርም፤ እጀታውና አፎቱ ግን ኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠሩ ናቸው። እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን፣ አበባ ናት የምትለኝን የብር ምልክት እያሳየችኝ፣ የአንድ ቤተሰብ ምልክት ናት አለችኝ። ጃፓኖች ጦርነቱን ከተሸነፉ በኋላ የተቸገሩ ሰዎች የቤታቸውን ዕቃ ይሸጡ ነበር። “ምናልባት…” ብላ ጀመረችና እንዳታስቀይመኝ እጀታውን መልሳ መግጠም ያዘች።

ተመልሼ ባሮ ዳር ዓሣ ስታጠምዱ አብሮህ ይውል የነበረው ጋሽ ኡሞድ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ከመረቡ ቀና እንኳ ሳይል “ካፖርቱን ሰጥቶ ነው የወሰደው” አለኝ።

ለካ ኡሞድ ያውቅ ነበር። ከኮሪያ ለዕረፍት ጃፓን በወረዳችሁ ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ በብርድ ቆማ ነበር። ጎራዴውን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች፤ የሟች ባሏ ነው። ካፖርትህን አውልቀህ ሰጠሃት፤ ልጇ ላይ ደርባው እጅ ነሳችህ። ፊቷን ማየት አቃተህ።

“ለእርስዎ ለምን ነገረዎት?” አልኩት።

“ጠየቅኩት። እኛ አኙዋኮች ዲሙይ አለን። አንቺ አይተሻል፣ ለሙሽራ የሚሰጥ ዶቃ። ዲሙይ ቤት ሲገባ እንጠይቃለን፤ ከማን እጅ መጣ፣ ከዚያ በፊት ማን እጅ ነበር። እናንተ ስንት ሰው ገደልክ ትሉታላችሁ። እኔ ማን ሰጠህ አልኩት።”

የተናደድኩት በውሸቱ አይደለም። ውሸትማ ጋሽ ድንቁም አለው። እውነቱን ይዘህ ለእኔ መንፈግህ ነው የቆጨኝ። ለኡሞድ ሴትዮዋን ሰጠኸው፤ ለእኔ ጄኔራል ሰጥተህ ፀሐይ ላይ እንድንበረከክ አደረግኸኝ። ምክትልህ እኔ ነበርኩ ወይስ እሱ?

እናም ትናንት። ሽማግሌዎቹ በልተው ጠጥተው ሲያበቁ አባዬ “የአያትሽን ታሪክ ንገሪ” አለኝ። ጋሽ ድንቁ ለምስክርነቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጎራዴውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጄኔራሉን ትቼ ካፖርቱን ተናገርኩ። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። የአባዬ ፊት ጠቆረ። የቄሱ ጭራ እንኳ ዝንቡን ትቶ ቆመ።

“አጠገቡ ነበርኩ” አለ ጋሽ ድንቁ።

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ጀመረ፤ እኔም ልስቅ ነበር። እሱ ግን ጫማውን እያየ፣ እንደ ወትሮው ድምፁን ሳያነሳ “ልጁ እግሩ ባዶ ነበር” አለ። “ካልሲዬን እኔ ነኝ ያጠለቅሁለት። የአንዱ እግር ካልሲ ወደቀ፤ ጎንበስ ብዬ መልሼ አጠለቅሁለት።”

ይህንን ኡሞድ አልነገረኝም ነበር። ማንም አልሳቀም። ኋላ አባዬ ራሱ ለጋሽ ድንቁ ውሃ አመጣለት።

አሁንም ታርቄሃለሁ አልልህም። ጎራዴውን ግን እይዘዋለሁ፤ ስለቱን ዘይት እቀባለሁ፣ ከእጀታው ሥር ያለውን ዝገት አልነካም። የጠየቀኝን ሰው ሁሉ ከአንጥረኛው ጀምሬ ከእጅ ወደ እጅ እነግረዋለሁ፤ ባልየው፣ ሴትዮዋ፣ አንተ፣ እኔ። ስሟን አልጠየቅካትም፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ስደርስ ትንሽ ዝም እላለሁ። ያ ዝምታ ያንተ ጥፋት ነው፤ እሱንም አስታውስልሃለሁ።

አክስቴ ልብስህን ለነዳያን ስትሰጥ ሹራቡን ደብቄ አስቀርቻለሁ። በዚህ ሙቀት ማን ይፈልገዋል ብዬ ነው። ደግሞም ከነገርከኝ ሁሉ እውነት የነበረው ብርዱ ብቻ ነው።

የተቀየመችው ምክትልህ