ለእናትህ ድንጋይ የላክኸው ግጥም

ይድረስ ለልጄ። ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ ደህና ነህ ወይ? ያ ሳል ለቀቀህ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም መጋዝ ከመያዝ አልከለከለኝም። ይህን የምትጽፈው እህትህ ናት፤ የምለውን ሳታለዝብ እንድትጽፍ አስጠንቅቄያታለሁ።

ለእናትህ መቃብር የላክኸው ግጥም ደርሷል። እህትህ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፦

በር ሳይንኳኳ ሰምታ፣ ቀድማ ትነሳለች፤
ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ወንበር ታቀርባለች፤
እሷ ሳትቀመጥ፣ ቀኑን ታስመሻለች፤
ዛሬ ተቀምጣለች።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮ ግን አለኝ። ቤቱ ሁሉ በ«ለች» ይመታል። ይሄ ለሰነፍ የተሰጠ ቤት ነው፤ አንዲት ሴት የሠራችውን ብትደረድር በራሱ ይገጥምልሃል። ልኩ ግን ደግ ነው። መሥሪያ ጠረጴዛዬን በመዳፌ እየመታሁ ሰማሁት፤ በየስንኙ ሁለት ሐረግ፣ ሁለቱም እኩል፣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ። ወንበሩን የሠራሁት እኔ ሆኜ ሳለ ስሜ አለመነሣቱን ልለፈው።

አራተኛው ስንኝ ላይ እጄ አየር ላይ ቀረ። ግማሹ የለም። ሦስት እግሩ እኩል፣ አንዱ አጭር የሆነ ወንበር ብሠራ ማን ይገዛልኛል? ድንጋይ ጠራቢውም ባዶ ቦታ አይወድምና «በሰላም አርፋለች» የሚል ጨመረበት። ቤቱም መታ፣ ልኩም ሞላ። ይህ ነው ሥራ ብዬ እንዲቀርጸው ፈቀድኩ።

አክስትህ ይህን ሰምታ መጣችና ሁለቱንም አስነበበች። የተሞላውን ስትሰማ፣ «ይሄማ ለማንም ሟች ይሆናል» አለች። ያንተን ግን እንደገና አስነበበች፤ ያኔ ገባኝ። እናትህ ቁጭ ስትል ቤቱ ሁሉ ቀጥ አለ፤ ስንኙም እዚያው ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል?

ድንጋይ አንዴ ከተቀረጸ አይፋቅምና፣ ጠራቢው መሮውን ሳያነሣ ልድረስበት ብዬ ምርኩዜን ይዤ ሄድኩ። ሥራው ጎደለ ብሎ ሰው ይስቅብኛል እያለ አጉረመረመ። የጠየቀህ ካለ የአናጢው ልጅ ነው የጻፈው በል አልኩት። እንዳለ ይቀረጻል።

ለምራቴ ሰላም በልልኝ። ትልቁን ልጅ በርታ በለው፤ የትንሿን ጉንጭ ሳምልኝ። አክስትህና እህትህ ይስሙሃል።

አንድ ነገር ብቻ። አውቀህ አሳጥረኸው ከሆነ፣ ጎበዝ። ሳትጨርሰው እንቅልፍ ወስዶህ ከሆነ ግን ለማንም አትንገር፤ እኔ አውቆ ነው ብያለሁ።

አባትህ
ከእንጨት ሥራ ቤቴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ